የመጋዘኑ እከክ

እከክን የምጠላው ከበሽታ ሁሉ የከፋ ስለሆነ አይደለም፤ የከፉትን አይቻለሁ። የምጠላው ብቻውን የሚታከም ሰው ስለሌለው ነው። ጥርሱን የታመመ ጥርሱን ተነቅሎ ቤቱ ይገባል፤ ጎረቤቱን ምን አገባው? እከክ ግን አብሮ የተኛውን፣ ጋቢ የተዋሰውን፣ ሕፃን ተቀብሎ ያቀፈውን ሁሉ በአንድ ማታ ካልቀባችሁት ልፋቱ ከንቱ ነው። አንዱ «እኔን አያሳክከኝም» ብሎ ከቀረ፣ በወሩ ሁሉም እያከኩ ተመልሰው ይሰለፋሉ። እኔም ያንኑ ቃል ከሀ ጀምሬ እደግመዋለሁ። ስንት ጊዜ እንደደገምኩት እግዜር ይወቀው።

ደብረ ማርቆስ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ስለ ቆዳ በሽታ ጥቂት ወራት ሠልጥኜ ስለነበር፣ ተፈናቃዮች መጥተው ከከተማው ዳር ባለው አሮጌ የእህል መጋዘን ሲጠለሉ ኃላፊያችን ወደ እኔ ዞሮ «ይኸው ቆዳ መጣልሽ» አለኝ። ቀልዱን ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የመጋዘኑ ቆዳ ሁሉ የእኔ ሆኖ ቀረ።

ሰዎቹ ከዓባይ ማዶ የመጡ ናቸው። አያቶቻቸው ከዚሁ ከጎጃም ደጋ መሬት ፍለጋ የወረዱ ነበሩ፤ የልጅ ልጆቹ ደግሞ ቤት ንብረታቸውን ጥለው፣ በወሬ ብቻ ወደሚያውቁት የአያት አገር ተመለሱ። የአያት አገርም በብርድ ተቀበላቸው። ቆላ የለመደ ገላ የእኛን የሰኔ ጭጋግ አይችለውም። መጋዘኑን በማዳበሪያ ከረጢትና በላስቲክ ከፋፍለው፣ በአንዱ ክፍል ሁለትም ሦስትም ቤተሰብ ተጠጋግቶ ይተኛል፤ ብርድ ልብሱ የጋራ ነው። ለእከክ ከዚህ የበለጠ ድግስ የለም። መጀመሪያ ሰሞን «ተራርቃችሁ ተኙ» ብዬ አስተምር ነበር። አንዲት እናት «ሲስተር፣ እርስዎ ቤት ስንት ብርድ ልብስ አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ይህችን ምክር ትቻታለሁ።

መድኃኒቱ የድኝ ቅባት ነው። ሽታው አይጣል ነው እንጂ ለሕፃንም ለነፍሰ ጡርም ይሆናል። ሦስት ማታ በተከታታይ ከአንገት እስከ እግር ጥፍር መቀባት፣ በአራተኛው ቀን መታጠብ፣ ልብሱን መቀቀል፤ በቃ። ከዚህ የቀለለ ሕክምና አላውቅም፤ ከዚህ የከበደ ሥራም አላውቅም። መጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ወንዶቹ የቀን ሥራ ወጥተው ስለነበር ሴቶቹና ልጆቹ ብቻ ተቀቡ፤ ወንዶቹ ማታ ገብተው እከኩን መለሱላቸው። ሁለተኛ ጊዜ እሑድ ጠብቄ ሄድኩ። ግማሾቹ ጠበል ጀምረዋል፤ ጠበል ላይ ያለ ሰው ቅባት አይነካም አሉኝ። እሺ፣ ሱባኤው ሲያልቅ ተባባልንና የቀሩትን ቀባን፤ የቀሩት ደግሞ ከጠበልተኞቹ ጋር ነው የሚተኙ። ሱባኤው ሲያልቅ ቅባቱ አለቀ። መንገዱ እየተዘጋ እየተከፈተ፣ ሌላ ካርቶን እስኪደርስ ሰኔ ገባ።

የመጋዘኑን ሰው የሚወክሉት አንድ ዳዊት ደጋሚ ሽማግሌ ናቸው። በንግግር የሚረታቸው የለም። አንድ ቀን ስለ መተላለፊያው ላቤ ጠብ እስኪል ካስረዳሁ በኋላ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሳም» አሉና ሰዉን ሁሉ አሳቁብኝ። «ጥፍሩንም ቁረጡት ነው የምለው፣ አባቴ!» አልኩ። ሳቁ ጭራሽ ባሰበት። እኔም ሳልወድ ሳቅኩ። በሆዴ ግን ያን ሁሉ ዓመት ተምሬ በአንድ ተረት ተሸነፍኩ እያልኩ እበግን ነበር።

ልጅቱ ወደ ጤና ጣቢያው የመጣችው በዚህ መሐል ነው። አሥራ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። እናቷ በሕይወት የለችም፤ ከአባቷ ጋር ነው ተፈናቅላ የመጣችው። ከመጋዘኑ ልጆች ዘንድሮ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና የደረሰችው እሷ ብቻ ናት። ያን ሁሉ መንገድ ስትመጣ ደብተሮቿን በፌስታል ጠቅልላ፣ ፌስታሉን ሆዷ ላይ አስራ ነበር ይላሉ። ስለዚህ የሁሉም ልጅ ናት። ስታጠና ካዩ የሚጣሉ ባልና ሚስት እንኳ ውጭ ወጥተው ነው የሚጣሉት።

አንድ ሰኞ ጠዋት ከትምህርት ቤቷ የተጻፈ ወረቀት ይዛ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። ከጤና ተቋም «ከተላላፊ የቆዳ በሽታ ነፃ ናት» የሚል ማስረጃ ካላመጣች ፈተና ክፍል አትገባም ይላል። ተማሪዎቹ ከጎኗ አንቀመጥም ብለዋል። ፈተናው የሚጀምረው በሳምንቱ ሰኞ ነው።

«ካልተፈተንሽስ?» አልኳት።

«አዲስ አበባ ሰው ቤት እገባለሁ። አክስቴ ያለችበት ጎረቤት ሠራተኛ ይፈልጋሉ። ከተፈተንሁ ግን አባቴ ዘጠነኛን ያስተምረኛል፤ ምሏል።»

ይህን ስትለኝ እያከከች ነበር። ጣቶቿ መሐል፣ የእጅ አንጓዋ ላይ፣ ወገቧ ላይ ያው የማውቀው ነው። አንገቷ ግን ከሁሉም ብሶ ነበር። በማተቧ ዙሪያ ቆዳው ተልጦ፣ ጥቁሩ ክር ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ መግል ይዟል።

ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነው። ቅባቱንና የቁስሉን መድኃኒት ሰጥቼ፣ አንድ ቀን ሙሉ ከተቀባች በኋላ ወረቀቱን መጻፍ። መመሪያውም የሚለው ይኸንኑ ነው፤ የተቀባ ልጅ በማግሥቱ ክፍል ይገባል። ነገር ግን ሁለት ጊዜ አክሜያት ሁለት ጊዜ የመጋዘኑን እከክ ይዛ ተመልሳለች። ምርር ብሎኝ ነበር። ደግሞ ይህች ልጅ ሁሉም የሚሳሱላት ልጅ ናት ብዬ አሰብኩ። «ወረቀቱን የምጽፍልሽ መጋዘኑ በሙሉ ሲቀባ ነው፤ ሂጂና ለሰዎችሽ ንገሪ» አልኳት። ልጅቱን መያዣ አደረግኳት ማለት ነው። ያኔ ግን ብልሃት መስሎኝ ነበር። ለባልደረቦቼም ነግሬ ተመሰገንኩ።

ብልሃቱም የሠራ መሰለ። ማክሰኞ ወደ ማታ መጋዘን ስሄድ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ጠበል ላይ ያለ የለም፤ የቀን ሠራተኞቹም ቀድመው ገብተዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልኩ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ማታ መቀባት ብዬ፣ ቅባቱን በየቤተሰቡ አደልኩ። እንደዚያ ቀን ተሰምቼ አላውቅም። መሰማት ደግሞ ያሰክራል። ስለ ልብስ ስናገር የልጅቱ አንገት ትዝ አለኝና «ገላችሁ ላይ ያለ ክር የተባለ ሁሉ ይውለቅና ይቀቀል፤ ማተቡንም ጭምር» አልኩ።

ሽማግሌው «ማተቡን?» አሉ።

«አዎ፣ ማተቡን። ምን ችግር አለው? ለሦስት ቀን ነው።»

ሌላ የጠየቀ አልነበረም። ዝምታውን እሺታ አድርጌ ቆጠርኩትና ወደ ቤቴ ሄድኩ። መንገድ ላይ ለራሴ ፈገግ ስል እንደነበር አስታውሳለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ወደ መጋዘኑ ስገባ የድኙ ሽታ ከበር ላይ ሊቀበለኝ ይገባ ነበር። አልሸተተኝም። የቅባቱ ብልቃጦች ክዳናቸው ሳይነካ ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። ሽማግሌው አጠገባቸው ዱካ ላይ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። የያዙትን መዝሙር እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅኩ፤ የበለጠ ተናደድኩ።

«ቅባቱስ፣ አባቴ?»

«አለ። ቁጭ ብሏል። ማን ይነካዋል?»

«ለምን አይነካም?»

«አሽትተሽዋል? ሰዶምን ያቃጠለ ዲን እኮ ነው።» ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ቀልዱን ተይው። አንች ልጀ፣ ቤቱ ሄደ፣ ከብቱ ሄደ፣ ቀየው ሄደ። ከዚያ ይዘነው የመጣን እች አንገታችን ላይ ያለችዋን ብቻ ነው። በዚያ ሁሉ መንገድ ያልበጠስናትን አንች በቅባት ታስበጥሺናለሽ?»

«ማን በጥሱ አለ? አውልቁ ነው ያልኩት!»

«በየት በኩል?» አሉና ኩታቸውን ገለጥ አድርገው አንገታቸውን አሳዩኝ። ክሩ ጉሮሯቸው ሥር ጠበቅ ተደርጎ ተቋጥሯል፤ ቋጠሮው ከዓመት ብዛት ደርቆ ጠጥሯል። በአገጭ የሚያልፍ አይደለም። «እስቲ አንች አውልቂው» አሉኝ።

ይህ ጠፍቶኝ አይደለም። እዚሁ ጎጃም፣ ሉማሜ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። በክርስትና ቀን የታሰረ ክር ሲያረጅ ሌላ ይታሰርበታል እንጂ እንደ ሐብል ማታ እየወለቀ ጠዋት አይጠለቅም። ማተቡን በጠሰ ማለት ሃይማኖቱን ካደ ማለት መሆኑንም ሕፃን ሳለሁ ጀምሮ አውቃለሁ። ማክሰኞ ዕለት ግን የማውቀውን ሳልጠይቀው አፌ ቀደመኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ከአፋፉ ላይ የምመልሰው በጩኸት መሰለኝ። «እሺ፣ ማተቡን ተዉት! አትበጥሱ፣ አታውልቁ፣ በላዩ ላይ ቅቡት!» አልኩ፤ መጋዘኑ በሙሉ እንዲሰማ።

ከከረጢቱ ግርዶሽ ጀርባ አንዲት ሴት «ተነቃባትና ቃሏን ቀየረች» ስትል ሰማኋት። ሌላዋ «ወረቀቱንም የምትሰጥ ለበጠሰ ነው አሉ» አለች። ለበጠሰ ነው አሉ! ማን አለ? ማንም አላለም። በሁለት ሌሊት ወሬው እግር አውጥቶ ከእኔ ቀድሞ ሄዷል። ሦስት ወር ሙሉ በፀሐይ በዝናብ የተመላለስኩበት፣ ካርቶን ተሸክሜ ጭቃ ያቦካሁበት ሁሉ ፊቴ ላይ መጣና፣ ዛሬም ድረስ የማፍርበትን ቃል ተናገርኩ።

«እንግዲያውስ እንዳሻችሁ! እከኩ ይብላችሁ። ወረቀትም የለም!»

ስዞር ልጅቱ በሩ ላይ ደብተር ይዛ ቆማለች። ሰምታለች። አልፌያት ሄድኩ።

ዓርብ ዕለት አባቷ ጤና ጣቢያ መጣ። ጫኝና አውራጅ ነው፤ ዝምተኛ። ካፖርቱን እንዳጠለቀ በሩ ላይ ቆሞ «ሲስተር፣ የልጅቱን ነገር...» አለ።

«ሰዎቹን አሳምንና ና» አልኩት።

«እኔ ለራሴ እቀባለሁ። እሷም ትቀባለች። ሌላውን ሰው እኔ ምን ብየ አዛለሁ?»

ትክክል ነበር። በሙሉ ትክክል ነበር። እኔ ግን ማክሰኞ እንደዚያ አዳምጠውኝ ሐሙስ እንደዚያ ከጣሉኝ ሰዎች መሐል አንድ ሰው እጄ ገብቶልኛልና በእሱ ላይ ሁሉንም ተወጣሁት። ስለ ተላላፊነት፣ ስለ ኃላፊነት፣ ስለ ድንቁርና ሳይቀር ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ፤ ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ። ለምን እንዳመሰገነኝ አላውቅም። እሱ ከሄደ በኋላ ሻይ አስመጥቼ መጠጣት አቃተኝ።

ቅዳሜ ተረኛ ነበርኩ። ገና ነጭ ገዋኔን ሳልለብስ ልጅቱ ገባች። የድኝ ሽታ አብሯት ገባ። ምንም ሳትል እጇን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችና የጨበጠችውን አስቀመጠችው። ጥቁር ክር ነው፤ በመግል የደረቀ፣ ጫፉ በምላጭ የተቆረጠ።

«በጥሻለሁ። ወረቀቱን ይስጡኝ» አለች።

አንገቷን አየሁ። ክሩ የነበረበት ቦታ ከሌላው ቆዳዋ ፈካ ያለ መስመር ሆኖ ቀርቷል፤ ከዳርና ዳሩ ቁስል ነው።

«መቼ ነው የተቀባሽው?»

«ረቡዕ ማታ ጀመርሁ። ሐሙስም፣ ትናንትም። እኔና አባቴ።»

ረቡዕ ማታ! እንግዲህ ሐሙስ ማታ ወረቀቱ ይገባት ነበር። ግድግዳው ሥር አንድ ብልቃጥ መጉደሉንም፣ የእሷንና የአባቷን የድኝ ሽታም በንዴቴ አላስተዋልኩም። አባቷ ዓርብ በሬ ላይ ቆሞ «ትቀባለች» ሲለኝ እሷ ሁለት ማታ ተቀብታ ነበር። አልጠየቅኩትም። ሳስተምረው ጊዜ አልነበረኝም።

«ማን በጥሺ አለሽ?» ብዬ ጮህኩባት። በእሷ ላይ የምጮህበት ምክንያት አልነበረም፤ ሌላ የሚጮህበት ሰው ስላልነበረ ነው። መልሷን ሳልጠብቅ ወረቀቱን አወጣሁና ጻፍኩ። ስሟን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። ሦስተኛውን ስሰጣት ፊትና ጀርባውን አገላብጣ አይታ «ማኅተም የለውም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ማኅተሙን ኃላፊያችን ማንንም ስለማያምን ኪሱ ይዞት ይዞራል፤ ቅዳሜ ደግሞ አይገባም። ቤቱ ድረስ ልንሄድ ግድ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አስቀድሜ ልናገር። ሰኞ ዕለት ተፈትናለች። እኔም ሌላ ሰበብ እንዳይፈጠር ገዋኔን ለብሼ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሸኝቻታለሁ። በሳምንቱ ሽማግሌው አንድ ቄስ ይዘው መጡ። ቄሱ ብልቃጡን አሽትተው፣ አፍንጫቸውን ይዘው፣ «ቅባት ነው፤ በማተቡ ላይ ቢነካ ምንም አይደል፤ ተቀቡ» አሉ። መጋዘኑ በሙሉ በዚያው ማታ ተቀባ። እኔ ሦስት ወር የደከምኩበትን በአንድ ዓረፍተ ነገር! ለልጅቱም እኚሁ ቄስ አዲስ ክር አስረውላታል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሌላ ሳምንት ሙሉ ሰው ሁሉ አናደደኝ።

እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ግን ቅዳሜ ዕለት ወደ ኃላፊያችን ቤት ስንሄድ የሆነው ነው።

ዝናቡ ለጊዜው አባርቶ ነበር። ልጅቱ ወረቀቱን ደብተሯ ውስጥ ከትታ፣ ክሯን በቀኝ እጇ ጨብጣ ከኋላዬ ትከተለኛለች። ስጽፍ «ይህንንማ ውሰጂው» ብዬ መልሼላት ነበር። የኮብልስቶኑ መንገድ ሲያልቅና ጭቃው ሲጀምር ቆሜ ጠበቅኳትና ጎን ለጎን ሄድን። ቁጣዬ በርዶ ነበር።

«ሐሙስ ዕለት አትበጥሱ፣ በላዩ ላይ ቅቡት ስል አልሰማሽም ነበር?» አልኳት።

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

ጭቃውን እያየች ነው የምትሄደው።

«ለአፍዎ ያሉት መሰለኝ። እርስዎ አንገት ላይም የለም» አለች። «እርስዎም ለትምህርት ብለው የበጠሱት መስሎኝ ነው።»

እጄ ሳላዘው አንገቴ ላይ ሄደ። የእኔን እናቴ ናት የፈተለችው። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ልብስ ሳጥብ በጣቴ መሐል ተበጠሰ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አዲስ አስራለሁ ብዬ ነበር። ያ እሑድ ዝናብ ነበር መሰለኝ፤ በሚቀጥለው ፈተና ነበረብኝ፤ ከዚያ ሥራ ያዝኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን ጠይቄው አላውቅም። የመጋዘኑ ሰው ግን ሦስት ወር ሙሉ እጄንና አፌን ሳይሆን አንገቴን ሲያይ ከርሟል።

አዎ ብላት ነገሩ ቀላል ይሆን ነበር። «ለትምህርት ብዬ ነው፤ እኔም እንደ አንቺ ከፍዬበታለሁ» ማለት ይበቃ ነበር። ነገር ግን በዚያ ሳምንት ብዙ ክፉ ነገር ተናግሬአለሁ፤ ውሸት ልጨምርበት አልቻልኩም።

«አልበጠስኩትም» አልኳት። «በራሱ ተበጠሰ። ሌላ ሳላስር ረሳሁት።»

ልጅቱ ቆመች። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከተዋወቅን ጀምሮ እንደዚያ ዓይን ለዓይን አይታኝ አታውቅም።

«ረሱት?» አለችኝ።

ክሩን የጨበጠችበትን እጇን ጃኬቷ ኪስ ከታ ከፊቴ ቀድማ መሄድ ጀመረች፤ እኔም የኃላፊያችን በር እስክንደርስ ድረስ ከኋላዋ ተከተልኳት።